ሩዋን፤ የዣን ዳርክ መዝገብ የተጻፈባት ከተማ

የጥንት ከተማ ለጐብኚው የምታሳየው ነገር ብዙ ነው። አንዱ ግንቧን፥ ሌላው ቤተ ክርስቲያንዋን፥ ሦስተኛው ገበያዋን አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ የተፈረደው ፍርድና የተጻፈው ጽሑፍም ከግንቡ የማያንስ መታሰቢያ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የምትገኘው የሩዋን ከተማ ለዚህ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። በዚህች ከተማ በ1431 ዓ.ም. አንዲት የ19 ዓመት ያህል ልጃገረድ ተፈርዶባት በእሳት ተቃጠለች፤ በዚያችው ከተማ በ1456 ዓ.ም. ያው ፍርድ በሌላ ፍርድ ተሻረ። ሁለቱን ፍርዶች የሚያገናኘው በመዝገብ ጸሐፊዎች እጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። ነገሩ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር ይዞ የሚውለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት መስሎ ስለ ታየኝ፥ ከቤተሰቤ ጋር በዚያ የዋልሁበትን ቀን መሠረት አድርጌ ታሪኩን ላቀርብ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ አሳስባለሁ።

ሩዋን ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሴን ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ናት። ወንዙ ከፓሪስ ወደ ባሕር ሲወርድ በመካከልዋ ያልፋል፤ ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ መርከብ ከባሕር ወደ ውስጥ የሚገባባት፥ ነጋዴም የሚሰበሰብባት ስፍራ ሆና ኖራለች። በ911 ዓ.ም. ንጉሥ ሻርል በመርከብ እየመጡ አገሩን የሚዘርፉትን የሰሜን ሰዎች በጦር መመለስ ስላቃተው፥ ለአለቃቸው ለሮሎ በወንዙ ታችኛ ክፍል ያለውን አገር ሰጠው። ኖርማንዲ የተባለው ግዛት መነሻው ይህ ነው፤ ሩዋንም ዋና ከተማው ሆነች። ከሮሎ ዘር የተወለደው መስፍን ጊዮም በ1066 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ድል አድርጎ ነገሠ። ከዚያ ወዲህ የኖርማንዲ መስፍንነትና የእንግሊዝ ዘውድ በአንድ ሰው እጅ ሲገኝ የሁለቱ አገሮች ጠብ ሥር ሰደደ። በ1204 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት ሩዋንን ያዘና በሰሜን በኩል ጠንካራ ግንብ አሠራባት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 5ኛ ከ1418 አጋማሽ ጀምሮ ከቦ በረኃብ አስጨነቃትና በጃንዋሪ 1419 ዓ.ም. እጅዋን ሰጠች። እስከ 1449 ዓ.ም. ድረስ 30 ዓመት በእንግሊዞች እጅ ቈየች፤ የዣን ዳርክ ጉዳይም የሆነው በዚሁ ጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፥ በፓሪስ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እኅት ስለ ጋበዙን ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደን ነበር። አንዱን ቀን ለሩዋን እንድናደርገው የመከሩን እርሳቸው ናቸው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ስለሚያውቁ፥ «አንተ የምትወደው ዐይነት ታሪክ ያለው በዚያ ነው» አሉኝ። በጧት ባቡር ተሳፍረን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተጓዝን በኋላ ደረስን።

ከጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደ ተራመድን፥ በአዳዲስ ቤቶች መካከል ብቻውን የቆመ ክብ የድንጋይ ግንብ አየን። ጣራው እንደ ጐጆ ቤት ሾጣጣ ነው። ፊሊፕ ኦጉስት ካሠራው ትልቅ ግንብ ዛሬ ጐልቶ የቀረው ይህ ብቻ ነው። ሕዝቡ «የዣን ዳርክ ግንብ» ይለዋል እንጂ፥ እርስዋ የታሰረችበት በአጠገቡ የነበረ ሌላ ግንብ ሲሆን እርሱ በ1809 ዓ.ም. ፈርሷል። ይሁን እንጂ ሜይ 9 ቀን 1431 ዓ.ም. የማሠቃያውን መሣሪያ አሳይተው ያስፈራሩዋት በዚሁ በቆመው ግንብ ውስጥ ነው። እርስዋም በሥቃይ ብዛት አንድ ነገር ብናገር እንኳ፥ በኋላ በግድ ያናገራችሁኝ ነው እላለሁ ስትል መለሰች። ይህን መልስዋን ዛሬ የምናውቀው በዚያ ሰዓት የጻፈው ሰው ስላለ ነው።

ዣን ዳርክ በምሥራቅ ፈረንሳይ ዶምሬሚ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደች፥ ማንበብና መጻፍ ያልተማረች ልጅ ነበረች። ቅዱስ ሚካኤል፥ ቅድስት ካትሪንና ቅድስት ማርግሪት እየተገለጡ አገርሽን አድኚ ይሉኛል እያለች በ1429 ዓ.ም. ገና ዘውድ ወዳልጫነው ወደ ሻርል 7ኛ ቀረበች። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የኦርሌያን ከተማ ከከበባት ጦር ነጻ ወጣች፤ ጁላይ 17 ቀንም ሻርል በሬምስ ከተማ ተቀብቶ ነገሠ። ነገር ግን ሜይ 23 ቀን 1430 ዓ.ም. በኮምፒዬኝ አጠገብ የእንግሊዞች ወዳጅ በሆነው በቡርጎኝ መስፍን ወገኖች እጅ ወደቀች። እንግሊዞችም 10,000 ሊቭር ከፍለው ወሰዱዋትና ወደ ሩዋን አመጡዋት። እንዲያው በጦር ምርኮኛነት ቢገድሉዋት ምንም አይጠቅማቸውም ነበር። በቤተ ክርስቲያን ፍርድ መናፍቅ ከተባለች ግን፥ በእርስዋ ምሪት የተቀባው ንጉሥ ዘውድ ከሰይጣን የመጣ ነው ለማለት ይመቻል። ዳኛ ሆኖ የተሰየመውም ከእንግሊዞች ጋር የቆመው የቦቬ ጳጳስ ፒየር ኮሾን ነበር።

ኮሾን የሥርዐት አዋቂ ሰው ነበርና ፍርዱ ጕድለት እንዳይወጣለት ፈለገ። ሊቃውንቱን ሰበሰበ፤ ጸሐፊዎችንም መረጠ። ዋናው ጸሐፊ ጊዮም ማንሾን የሚባል የሩዋን ካህን ነው፤ ቡዋጊዮም የተባለው ሁለተኛ ጸሐፊና በኋላ የተጨመረው ኒኮላ ታኬል ረዱት። ጧት ጥያቄውንና መልሱን በፈረንሳይኛ ይጽፋሉ፤ ከምሳ በኋላ ተሰብስበው ማስታወሻቸውን ያስተያያሉ። ማንሾን ከዓመታት በኋላ በመሐላ እንደ መሰከረው፥ በሙግቱ መጀመሪያ ቀኖች ከዳኞቹ አጠገብ በመስኮት ውስጥ፥ ከመጋረጃ በስተ ኋላ፥ ሌሎች ጸሐፊዎች ተሰውረው ተቀምጠው ነበር። እነርሱም የሚያስወነጅላትን ቃል ብቻ እየጻፉ የምትከላከልበትን ይተዉ ነበር። ሁለቱ ጽሑፎች በሚተያዩበት ጊዜ አልገጥም አሉ። ጳጳሱ ተቈጣ፤ ማንሾን ግን የእርሱን አልለወጠም። ልዩነት በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ምልክት እያደረገ፥ ልጅቱ በማግሥቱ በዚያ ነገር እንደ ገና እንድትጠየቅ አደረገ።

ከግንቡ ወደ ሴንት ዋን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ወረድን። ቤተ ክርስቲያኑ እጅግ ረዥምና ብርሃን የሞላበት ነው። ዛሬ አጠገቡ የማዘጋጃ ቤቱ አትክልት ስፍራ ስላለ ልጆቹ እየሮጡ ተጫወቱ። በ1431 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የመቃብር ቦታ ነበር። ሜይ 24 ቀን ልጅቱን በሕዝብ ፊት ከፍ ባለ መድረክ ላይ አቆሙዋትና፥ እሳቱ እየጠበቃት መሆኑን ነግረው በአንድ ወረቀት ላይ አስፈረሙዋት። ምስክሮች በኋላ እንደ ተናገሩት ያ ወረቀት ስድስት ወይም ሰባት መስመር ያህል ብቻ ነበረው። በመዝገቡ ውስጥ የገባው የክሕደት ቃል ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚረዝም ነው። ፊደል ያልቈጠረች ልጅ በምን ላይ እንደ ፈረመች ማን ያስረዳታል? ከአራት ቀን በኋላ፥ ሜይ 28 ቀን፥ የፈረምሁት እሳቱን ፈርቼ ነው፤ ድምፆቹም ከእግዚአብሔር ናቸው አለች። በመዝገቡ ኅዳግ ላይ ከዚህ ቃልዋ አጠገብ «ገዳይ መልስ» የሚል አጭር የላቲን ጽሑፍ ይገኛል።

ቀትር ሲቃረብ ወደ ካቴድራሉ ደረስን። ክሎድ ሞኔ የተባለው ሠዓሊ በ1892 ዓ.ም. ጀምሮ የፊቱን ገጽ የፀሐይ ብርሃን በተለዋወጠ ቍጥር እየተከታተለ 30 ያህል ጊዜ የሣለው ይህንኑ ሕንፃ ነው። በስተ ቀኝ ያለው ረዥም ግንብ «የቅቤ ግንብ» ይባላል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐቢይ ጾም ቅቤ ለመብላት ፈቃድ የፈለጉ ምእመናን በከፈሉት ገንዘብ እንደ ተሠራ ይነገራል። ባለቤቴ ይህን በሰማች ጊዜ ሣቀችና፥ «የጾም መፍቻው ይህን ያህል ግንብ ካሠራ፥ ቅቤው ምን ያህል ኖሮአል?» አለች። በመካከል ያለው ሾጣጣ ጕልላት በ1822 ዓ.ም. በመብረቅ ተቃጥሎ በብረት እንደ ገና ሲሠራ እስከ 1876 ዓ.ም. ቈየ፤ ቁመቱ 151 ሜትር ነው፤ በተፈጸመበትም ጊዜ በዓለም ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። በ1944 ዓ.ም. የጀርመንን ጦር መተላለፊያ ለመቍረጥ የወዳጅ መንግሥታት አውሮፕላኖች በጣሉት ቦምብ ካቴድራሉ ከባድ ጕዳት ደረሰበት፤ የሩዋን ሰዎች ግን ለብዙ ዓመታት ድካም አልሰነፉም፥ መልሰው አቆሙት። ጁላይ 11 ቀን 2024 ዓ.ም. ደግሞ በጕልላቱ ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ፈጥኖ ጠፋ።

ከዚያ በጠባቡ መንገድ ወደ ትልቁ ሰዓት ሄድን። መንገዱን እንደ ድልድይ ተሻግሮ የሚታየው ቅስት በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው፤ የሰዓቱ መኪና ግን በ1389 ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ አገልግሏል። ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው። ሴትዋ ልጄ «ደቂቃውን በምን ያውቁታል?» ብላ ጠየቀች። በዚያን ዘመን የሰዎች ቀጠሮ በሰዓት እንጂ በደቂቃ አለመሆኑን ሲነግሩዋት፥ «ታዲያ ተማሪ ዘገየ አይባልም ነበር» ብላ ደስ አላት። በቅስቱ ላይ የተቀረጸው በግ የከተማይቱ አርማ ነው፤ ሩዋን በሱፍ ጨርቅ ሥራ የበለጸገች ከተማ ነበረችና።

የመንገዱ መጨረሻ አሮጌው ገበያ፥ ቪዬ ማርሼ፥ ነው። ሜይ 30 ቀን 1431 ዓ.ም. ዣን ዳርክ የተቃጠለችው በዚህ ነው። ስፍራው በምልክት ተለይቷል፤ አጠገቡም ረዥም መስቀል ቆሟል። በአደባባዩ የፈረሰ የሴን ሶቨር ቤተ ክርስቲያን መሠረት ይታያል። ልጅቱ በእሳቱ ፊት ሳለች መስቀል እንዲያሳዩዋት ስትለምን፥ አንድ መነኵሴ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መስቀሉን አምጥቶ እስክትሞት ድረስ በዐይንዋ ፊት ከፍ አድርጎ ያዘላት። ሕዝቡ ቅሬታዋን ለመታሰቢያ እንዳይወስድ፥ አመድዋን ሰብስበው በሴን ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ስለዚህ መቃብር የላትም።

በአደባባዩ ላይ ያለው አዲስ ቤተ ክርስቲያን በ1979 ዓ.ም. የተፈጸመ ነው። ውስጡ ያሉት ባለ ቀለም መስተዋቶች ግን የ16ኛው መቶ ዓመት ሥራዎች ናቸው። ቀድሞ በሴን ቬንሳን ቤተ ክርስቲያን ይገኙ ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ አስቀድሞ ያሰበ ሰው አወረዳቸውና ተሰወሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1944 ዓ.ም. ፈረሰ፤ መስተዋቶቹ ግን ዳኑ።

በዚህ ስፍራ ተቀምጠን ሳለን ወንዱ ልጄ አንድ ጥያቄ አቀረበ። «እርስዋን ካቃጠሉ፥ አመድዋንም ወንዝ ውስጥ ከጣሉ፥ መዝገቡን ስለ ምን አብረው አላቃጠሉትም?» አለ። የባለቤቴ እኅት ወደ እኔ ተመለከቱና፥ «ይህ የአንተ ሥራ ነው፤ አንተ መልስለት» አሉኝ። እኔም መዝገቡን የጻፉት ለመደበቅ እንዳልነበረ አስረዳሁት። ኮሾንና እንግሊዞች በመዝገቡ ይኰሩበት ነበር። ፍርዳችን በሥርዐት የተፈጸመ ነው ብለው ለዓለም ሊያሳዩበት ስለ ፈለጉ፥ ወደ ላቲን አስተርጕመው በማኅተም የጸኑ አምስት ቅጂዎች አሠሩ፤ ከእነዚህም ሦስቱ እስከ ዛሬ አሉ። የእንግሊዝ መንግሥትም ስለ ፍርዱ ለነገሥታትና ለጳጳሳት ደብዳቤ ጻፈ። ግፍ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ሕጋዊ መስሎ መታየት ይሻል፤ ሕጋዊ መስሎ ለመታየትም ጸሐፊ ያስፈልገዋል። ጸሐፊው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ በአሠሪው ላይ ምስክር ይሆናል።

በዚሁ መዝገብ መጨረሻ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር ይገኛል። ልጅቱ ከሞተች ከሳምንት በኋላ፥ ጁን 7 ቀን 1431 ዓ.ም.፥ ኮሾን ሌላ ጽሑፍ አስጻፈ። ይዘቱም ዣን ዳርክ በሞተችበት ቀን ጧት በእስር ቤት ድምፆቹ አታለውኛል ብላ አምናለች የሚል ነው። እንግዲህ ይህን ማንሾን እንዲፈርምበት ተጠየቀ። እርሱ ግን በዚያ ምርመራ አልነበርሁም፤ ያልሰማሁትን አልፈርምም ብሎ እንቢ አለ። ስለዚህ በፊተኛው ክፍል የጸሐፊዎቹ ማረጋገጫ ሲገኝ፥ በዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ፊርማቸው የለም። በጊዜው ከተማይቱን የያዘው ጦር ኀያል ነበር፤ ጳጳሱም ኀያል ነበር። አንድ የከተማ ጸሐፊ ፊርማውን መከልከሉ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተነሡት የታሪክ ሊቃውንት ወደዚያ ክፍል በደረሱ ቍጥር ባዶውን የፊርማ ቦታ ተመልክተው በጥርጣሬ ያነብቡታል።

ከምሳ በኋላ ወደ ካቴድራሉ ተመልሰን ከጐኑ ወዳለው ወደ ሊቀ ጳጳሱ ቤተ መንግሥት ገባን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዣን ዳርክ ታሪክ የሚታይበት ቤተ መዘክር ሆኗል። የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የተፈጸመው በዚህ ቤት ነው። ሻርል 7ኛ በኖቬምበር 1449 ዓ.ም. ሩዋን በገባ ጊዜ የተጻፈው ሁሉ በእጁ ሆነ፤ በሚከተለው ዓመትም ምርመራ አዘዘ። በ1455 ዓ.ም. የዣን እናት ኢዛቤል ሮሜ በእርጅና ዘመንዋ ፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን ቀርባ ስለ ልጅዋ ፍርድ ለመነች። ከመቶ በላይ ምስክሮች ተሰሙ፤ ማንሾንም ቀረበ። በሙግቱ ጊዜ በገዛ እጁ የጻፈውን የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ለ24 ዓመት ያህል ጠብቆ ኖሮ ለአዲሶቹ ዳኞች አስረከበ። እነርሱም የልጅቱን ቃል ከአሥራ ሁለቱ የክስ አንቀጾች ጋር ሲያስተያዩ፥ አንቀጾቹ ያልተናገረችውን እንደሚጨምሩና የተናገረችውን እንደሚያጐድሉ ተገነዘቡ። ጁላይ 7 ቀን 1456 ዓ.ም. በዚህ ቤተ መንግሥት አዳራሽ የፊተኛው ፍርድ ከንቱ መሆኑ ታወጀ፤ የክሱ አንቀጾችም እንዲቀደዱ ተፈረደ። ኮሾን ከዚያ በፊት በ1442 ዓ.ም. ሞቶ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ዓ.ም. ዣን ዳርክን ከቅዱሳን ቈጠረቻት።

ለእውነት ስንል የነገሩን ሌላ ገጽታም መመልከት ይገባናል። ሁለተኛው ፍርድ የታዘዘው በፍቅረ ጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ሻርል 7ኛ ዘውዱን በመናፍቅ እጅ ያገኘ እንዳይባል ይፈልግ ነበር። ሃያ ዓመት ያህልም ስለ እርስዋ ምንም አላደረገም። ማንሾንም ቢሆን ጀግና አይደለም። ደመወዙን ተቀብሏል፤ የፍርዱን መዝገብ አጣርቶ ጽፏል፤ ልጅቱን ለማዳን የቻለው ነገር አልነበረም። እርሱ ራሱ እንደ መሰከረው፥ ከተቃጠለች በኋላ አንድ ወር ያህል አእምሮው አልረጋለትም፤ ከተከፈለው ገንዘብም በከፊሉ እርስዋን እያሰበ የሚጸልይበት የቅዳሴ መጽሐፍ ገዛ። እንግዲህ የዚህ ሰው ምስጋና፥ በፍርሃት መካከል ሳለ የሰማውን እንደ ሰማው መጻፉ፥ ያልሰማውን አልፈርምም ማለቱና ወረቀቱን መጠበቁ ነው። ከዚህ የበለጠ አላደረገም፤ ከዚህ ያነሰ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ግን በ1456 ዓ.ም. የተቀመጡት ዳኞች የሚያስተያዩት ቃል አያገኙም ነበር።

በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፥ ፋይል የሚያደራጅ፥ ደብዳቤ የሚያወጣና የሚያስገባ ሠራተኛ ሥራው ከአለቆቹ ሥራ ያነሰ መስሎ ይታየው ይሆናል። መምህርም የተማሪውን ውጤት ሲመዘግብ፥ ተማሪም የሰማውን ትምህርት በደብተሩ ሲገለብጥ እንዲሁ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን ዳኛው ይሻራል፤ ግንቡ ይፈርሳል፤ ጦሩም ወደ አገሩ ይመለሳል። ከሁሉ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ወረቀቱን ነው፤ የሚያነበውም ጸሐፊው የጻፈለትን ያህል ነው። የሩዋን ሰዎች ግንባቸውንና ካቴድራላቸውን በብዙ ድካም አድሰዋል። የዣን ዳርክን ቃል ግን ማንም ማደስ አላስፈለገውም፤ በተናገረችበት ቀን በትክክል ተጽፎ ነበርና።